ሥራው የቆመው የፒያሳ አሮጌ ፎቅ፦ ቢሮ አስቀድሞ የማከራየት አገልግሎቱ ሲገመገም

ይህ ግምገማ በደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ፣ ሰው ከለቀቀው ዓመታት ባለፉት አንድ አሮጌ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ፣ «ታድሶ ሲጠናቀቅ» የሚረከቡትን ክፍል አስቀድሞ ገንዘብ ከፍሎ የመያዝ አገልግሎትን የሚመለከት ነው። በእኔና ሕንፃውን ለማልማት በያዘው ድርጅት መካከል ያለው የገንዘብ ጉዳይ ገና ስላልተቋጨ ስሙን አልጠቅስም። ሆኖም «ሁለተኛ ዙር ምዝገባ» መጀመሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ ስላየሁ፣ ክፍል ለመያዝ የሚያስቡ ሰዎች ከመክፈላቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን ለመጻፍ ወሰንኩ። ፍርዴን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ፤ ሕንፃው ራሱ ከደሴ ምርጥ የሥራ ቦታዎች አንዱ ሊሆን የሚችል ነው፣ አገልግሎቱ ግን ዛሬ ባለበት ሁኔታ ማንም ሰው ገንዘቡን ሊያስርበት የሚገባ አይደለም። ሥራው የቆመው አሮጌው ግንብ አስቸግሮ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመሥራት በመታሰቡና የሥራው ቅደም ተከተል በመገልበጡ ነው።

የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው፤ ለአነስተኛ ነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ፣ የግብር ማሳወቂያቸውን አዘጋጃለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ከሰኞ ገበያና ከሸዋበር፣ ደረሰኛቸውን በፌስታል ይዘው በእግራቸው የሚመጡ ስለሆኑ ቢሮዬ ከመሀል ከተማ ሊርቅ አይችልም። ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ሥር በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋች ከተማ በመሆኗ፣ መሀሉ ላይ ትርፍ መሬት አይገኝም። እንዲህ ባለ ከተማ እምብርት ላይ አንድ ሙሉ ፎቅ ተዘግቶ ሲቀመጥ የኪራይ ዋጋው የሚወደደው በዙሪያው ባሉት ክፍሎች ሁሉ ላይ ነው። ስለዚህ ሕንፃው ሊታደስና ክፍሎቹ ለሥራ ሊከራዩ እንደሆነ ስሰማ ከተመዘገቡት ሰዎች መካከል ለመገኘት አላመነታሁም።

ሕንፃውን ለማያውቁት ልግለጸው። ምድር ቤቱን ጨምሮ ሦስት ወለል ያለው፣ በጥቁር ድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ የመንገዱን ፊት ይዞ የቆመ ፎቅ ነው። ከምድር ቤቱ ፊት ለፊት ባለ ቅስት በረንዳ አለው፤ በክረምት ዝናብ ሲወርድ የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚጠለለው እዚያ ነው። ግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ውፍረት ስላለው፣ ወደ 2500 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ለምትገኘውና ጉም ለማይለያት ደሴ ይህን ያህል የተመቸ አሠራር በዛሬዎቹ የመስታወት ሕንፃዎች ላይ አላየሁም። ውጭው ሲበርድ ክፍሉ ይሞቃል፤ ፀሐይ ሲከር ደግሞ ይቀዘቅዛል። መስኮቶቹ ረጃጅምና ወደ ውጭ የሚከፈቱ የእንጨት መዝጊያ ያላቸው ስለሆኑ እስከ አመሻሽ ድረስ መብራት ሳያበሩ መሥራት ይቻላል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደረጃው ከወጥ ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ የብዙ ባለጉዳይ እግር መሀል መሀሉን ቢያጎደጉደውም አንዱም እርከን አልተነቃነቀም።

የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ከገባ ጀምሮ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. እስኪለቅ ድረስ በነበሩት አምስት ዓመታት፣ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚዘልቀው መንገድ ሲሠራ በከተማው መካከልና በመንገዱ ዳር ብዙ የድንጋይ ሕንፃዎች ተተክለዋል። የዚህ ፎቅ ቅስትና የድንጋይ አጠራረብ ከእነዚያ ወገን እንደሆነ ያሳያል። ግንበኞቹ ግን አብዛኞቹ የአገሩ ሰዎች እንደነበሩ መገመት አያዳግትም፤ ጥጉ ላይ ያለው የድንጋይ አያያዝ በወሎ አሮጌ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አጥር ላይ ከምናየው ጋር አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ሕንፃው ለሱቅም፣ ለመኖሪያም፣ ለመሥሪያ ቤትም ውሎ፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከግለሰብ እጅ ወጣ። መሥሪያ ቤቶቹ አንድ በአንድ ወደ አዳዲስ ሕንፃዎች ሲዛወሩ ላዩ ባዶ ቀረ፤ በመጨረሻ የቀሩት የበረንዳው ሱቆች ብቻ ነበሩ።

አልሚው ድርጅት ሕንፃውን በረጅም ጊዜ ውል ከያዘ በኋላ ለተመዝጋቢዎች ያቀረበው ሐሳብ በወረቀት ላይ የሚማርክ ነበር። የመንገዱ ፊት እንዳለ ተጠብቆ ከኋላው ሁለት ተጨማሪ ፎቆች ይነሣሉ፤ ሊፍት ይገባል፤ ምድር ቤቱ ለካፌና ለባንክ፣ የላዩ ክፍሎች ለጠበቃ፣ ለሒሳብ ሠራተኛና ለሐኪም ይሆናሉ፤ በጓሮው በኩል የመኪና ማቆሚያ ይቆፈራል። በኮምፒውተር የተሠራው ሥዕል ላይ በረንዳው ሥር ሰዎች ማኪያቶ ይጠጣሉ፣ ሰማዩም ደሴ ላይ በሐምሌ የማይታይ ሰማያዊ ነው። የሽያጭ ሠራተኛው በሥዕሉ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ጥግ ላይ ያለችውን ክፍል በእስክሪብቶ ከብቦ «ይህቺ የእርስዎ ናት» አለኝ። የበርካታ ወራት ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ፣ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ልረከብ ፈረምኩ።

ውሉ በተፈረመበት በ2016 ዓ.ም. ሥራው በእርግጥ ተጀምሯል፤ ይህን መካድ አግባብ አይሆንም። በረንዳው ሥር የነበሩት ልብስ ሰፊና የሰዓት ጠጋኝ ተነሡ፣ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረ፣ በባሕር ዛፍ አጣና መወጣጫ ተተከለ፣ ከውስጥ የነበሩት የጭቃ ክፍልፋዮች ፈረሱ። ቀጥሎ የተደረገው ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ደጅ ቆሞ ሳለ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ተጨማሪዎቹ ፎቆች ሲሠሩ ጣሪያው መነሣቱ እንደማይቀር ይገባኛል፤ ፎቆቹን የሚሸከመው አዲስ ምሰሶ ግን ያኔ መሠረቱ እንኳ አልተቆፈረም ነበር። በተነሣው ጣሪያ ፋንታ የተዘረጋው የፕላስቲክ ሸራ የሐምሌን የመጀመሪያ ሳምንት ነፋስ አልቻለም።

ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ቆሞ ከቆየ በኋላ ክፍሌን ለማየት ጠይቄ ተፈቀደልኝ፤ ከእኔ ጋር አንድ የቆዩ ግንበኛ ነበሩ። በሩን የከፈቱልን ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፣ ሰው ይመጣል እንዴ?» ብላቸው፣ «ርግብ ይመጣል ልጄ፤ አብሽር፣ አንድ ቀን ሰውም ይመጣል» አሉኝ። ምድር ቤቱ ደረቅ ነው። አንደኛው ፎቅም ቢሆን በመንገዱ በኩል ያሉት ክፍሎች አቧራ ከመልበሳቸው በቀር ጉዳት የላቸውም፤ ባለ ቀለሙ የሲሚንቶ ንጣፍ ታጥቦ ቢወለወል ዛሬ ሥራ ይሠራበታል። ሁለተኛው ፎቅ ሌላ ዓለም ነው። በእስክሪብቶ የተከበበችልኝ ክፍል ጣሪያ የላትም፤ ወለሏን የተሸከሙት የጥድ እንጨቶች ጫፋቸው ግድግዳው ውስጥ በገባበት ቦታ ጠቁሯል። ግንበኛው የኪሳቸውን ቁልፍ አውጥተው በአንዱ ጫፍ ላይ ሲጫኑት ቅቤ እንደሚወጋ ቢላዋ ገባ። እንጨቱ መሀሉ ላይ ሲነካ እንደ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ከግድግዳው የሚወርደው ውኃ የሚጠራቀምበት ጫፉ ብቻ ነው። ሰማኒያ ዓመት ያህል ጣሪያ ሥር የኖረ ጥድ ለዚህ የበቃው በጣት በሚቆጠሩ ክረምቶች ነው።

ሁለተኛው ያየነው ጥፋት ከታች ነው። ከጓሮው በኩል ያለው ግድግዳ ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ የሽያጭ ሠራተኛው ፎቶግራፍ አንሥቶ «እድሳቱ እየተፋጠነ ነው» ብሎ የላከልን ይህንኑ ነበር። ከልስኑ በላይ የረጠበ መስመር ግድግዳውን ተከትሎ ይሄዳል፣ በመስመሩም ላይ ነጭ፣ ጨው የመሰለ ዱቄት ይታያል። ግንበኛው ያስረዱኝ እንዲህ ነው፦ በኖራ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በኖራው በኩል ቀስ እያለ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ውኃ ስለማያሳልፍ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከልስኑ በላይ ባገኘው ቦታ ሲደርቅም የያዘውን ጨው እዚያው ይተወዋል። ጨው ደግሞ ኖራውን ይበላል። መድኃኒቱ ሲሚንቶውን ፈልፍሎ አንሥቶ በኖራ መለሰን፣ ከጓሮው የሚመጣውንም ጎርፍ በቦይ ማራቅ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ኖራ፣ አሸዋና የሚያውቅ እጅ ነው።

ይህን ያህል በዝርዝር የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ድርጅቱ ለመዘግየቱ የሚያቀርባቸው ምክንያቶች ከሩቅ ሲሰሙ ሁሉም እውነት ይመስላሉ፤ ሕንፃው ውስጥ ቆሞ ለሚሰማቸው ሰው ግን ከጉዳቱ ጋር አይገናኙም። አንደኛው ምክንያት ጦርነቱ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ አካባቢ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በጦርነቱ መያዛቸውንና ብዙ ንብረት መውደሙን የማያውቅ የለም፤ የእኛ ውል የተፈረመው ግን ከዚያ በኋላ፣ ያ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው። የመንገድ መዘጋጋት ዕቃ እንደሚያዘገይም አምናለሁ። ሁለተኛው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ሊፍት፣ አሉሚኒየምና መስታወት የሚያስመጣ ሰው ሒሳቡ እንደተናጋበት ግልጽ ነው፤ ዕቃው ከጅቡቲ በሚሌ በኩል ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ የሚጨምረው ወጪም አለ። ነገር ግን ጣሪያው የተነሣው ምንዛሪው ከመለወጡ በፊት ነው፤ መልሶ ለማልበስ የሚበቃው ቆርቆሮና ምስማር ደግሞ የሊፍቱን ዋጋ ኅዳግ እንኳ አይሞላም። እኔ በሙያዬ የሰው ወጪ ስመዘግብ የምኖር ሰው ነኝ፤ ለሥዕልና ለማስታወቂያ የወጣው ገንዘብ ጣሪያውን እንደሚያለብስ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

እውነተኛው ምክንያት በእኔ ግምት ወረቀቱ ላይ ነው። ውል ስፈርም «ፈቃዱ ይኸው» ተብሎ የታየኝ ሰነድ፣ በኋላ አንድ መሐንዲስ ጎረቤቴ ሲያነበው፣ የፕላን ስምምነት እንጂ የግንባታ ፈቃድ አልነበረም። ውሉ ሲፈረም ይሠራበት በነበረው፣ በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 መሠረት የፕላን ስምምነት በቦታው ላይ ምን ዓይነት ሕንፃ ሊታሰብ እንደሚችል የሚገልጽ የመጀመሪያ እርከን ነበር፤ ግንባታ የሚያስጀምረው ግን የሥነ ሕንፃው፣ የመዋቅሩ፣ የኤሌክትሪኩና የውኃው ንድፍ ተመርምሮ የሚሰጠው ፈቃድ ነበር። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዚያ አዋጅ ከፍተኛው ምድብ በነበረው በምድብ ሐ ውስጥ ይወድቅ ስለነበር፣ ምርመራው ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ከሚደረገው የጠበቀ ነበር። ሁለት ፎቅ በአሮጌ የድንጋይ ግንብ ኋላ ሲጨመር የአፈሩ ጥናት መቅደም አለበት፤ የደሴ ተዳፋት መሬት የሚንሸራተትበት አካባቢ እንዳለው የከተማው ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። ጓሮውን ለመኪና ማቆሚያ መቆፈር ደግሞ መሠረቱ በጥልቅ ያልተጣለን አሮጌ ግድግዳ እግሩ ሥር መቆፈር ማለት ነው። በዚህ ላይ ቅርስነት አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በተመዘገበ ቅርስ ላይ የጥገናና የእድሳት ሥራ የሚሠራው የቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው፤ ድርጅቱ ራሱ በማስታወቂያው ላይ «ታሪካዊው ሕንፃ» እያለ ሲሸጠው፣ ይኸው ታሪካዊነት የሚያስከትለውን ግዴታ ግን በጊዜ ሰሌዳው ውስጥ አላስገባውም።

ገንዘቡም የተያዘው በዚያው መንገድ ነው። ሕንፃው በውል የተያዘ እንጂ የድርጅቱ ንብረት ስላልሆነ በመያዣነት አስይዞ ከባንክ መበደር እንዳልተቻለ የሽያጭ ሠራተኛው ራሱ ነግሮኛል። ስለዚህ ሥራው የሚሄደው ከተመዝጋቢዎች በሚሰበሰበው ቅድመ ክፍያ ነው፤ ቅድመ ክፍያው ደግሞ የሚሰበሰበው ሥራው ሲታይ ነው። አጥሩ፣ መወጣጫውና የተነሣው ጣሪያ ለመንገደኛ ሁሉ የሚታዩ ሥራዎች ናቸው፤ የአፈር ጥናትና የመዋቅር ንድፍ አይታዩም። ይህን ካሰብኩ በኋላ ጣሪያው ለምን በግንቦት እንደተነሣ የራሴን ግምት ይዣለሁ።

ስለ ደንበኛ አያያዛቸው ብዙ የምለው የለኝም። ስልክ ያነሣሉ፣ ሰላምታቸው የወሎ ሰላምታ ነው፣ ቤተሰብ ሳይቀር ይጠይቃሉ። ቀጠሯቸው ግን ከበዓል በዓል የሚዘዋወር ነው፤ ከመስቀል በኋላ የተባለው ከጥምቀት በኋላ ይሆናል፣ እሱም ከረመዳን በኋላ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ፤ ደሴ ደግሞ የሁለቱም ሃይማኖት በዓላት የሚከበሩባት ከተማ ስለሆነች ቀጠሮ አያጥራቸውም። በጽሑፍ የሚሰጥ መልስ አላገኘሁም። ብዙዎቻችንን የጎዳን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የንግድ ፈቃድ እድሳት ያለ ቅጣት የሚካሄደው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ ስለሆነ፣ አዲሱን አድራሻ አምኖ የቀድሞ ቢሮውን የለቀቀ ሰው ለእድሳቱ የሚያቀርበው የኪራይ ውል አጥቶ ሲንከራተት አይቻለሁ። እኔ የቀድሞ ክፍሌን ስላልለቀቅኩ ከዚህ ተርፌያለሁ።

ገንዘቤን ለማስመለስ ማመልከቻ ሳስገባ ውሉን በጥሞና ያነበብኩት ያኔ ነው። ርክክቡ ቢዘገይ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ የሚናገር አንቀጽ የለም፤ ተመዝጋቢው ቢተው ግን ከክፍያው የሚቀነሰው ድርሻ በግልጽ ተጽፏል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን በራሱ ፈቃድ ቢያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ስለተደነገገ፣ ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ገንዘቡን ቀብድ ብሎ ላለመጥራት በእጅጉ የተጠነቀቀ ይመስላል፤ የተጻፈው «የአገልግሎት ቅድመ ክፍያ» ተብሎ ነው። አንድ ጠበቃ አማክሬ ደብዳቤ ከጻፍኩ በኋላ ግማሽ ያህሉ በባንክ ገብቶልኛል። ይህንንም ያስፈጸሙልኝ የድርጅቱ ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ሳያመላልሱኝ፣ ዋናውን ደረሰኝ አመሳክረው ወዲያው መመለሻውን የጻፉት እሳቸው ስለሆኑ ለአገልግሎቱ ከምሰጠው ከአምስት አንድ ኮከብ የሳቸው ድርሻ ነው። ለሕንፃው ከአምስት አራት እሰጣለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ስለ መጸዳጃ ቤቱ ነው፣ እሱ በየትኛውም ዘመን ጥሩ እንዳልነበር ያስታውቃል።

«አሮጌ ፎቅ ከማደስ አፍርሶ መሥራት ይሻላል» የሚሉ ሰዎች በዚህ ሕንፃ መቆም ምክንያት ድምፃቸው ከፍ ብሏል፤ ከእነሱ ጋር አልስማማም። የደሴ ሙዚየም ያለበት ቤት የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ነው፤ ለመኖሪያ የተሠራ ቤት ለሙዚየም ሲውል ፎቅ አልተጨመረበትም፣ ጓሮውም አልተቆፈረም፣ ባለበት አገልግሎት ሰጠ። በ2014ቱ ጦርነት የተዘረፈው በውስጡ የነበረው ቅርስ መሆኑ የሚያሳዝን ታሪክ ነው፤ ቤቱ ግን ቆሟል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽም ከከተማው በላይ እስካሁን ይታያል። በአዲስ አበባ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጎዳ፣ ያልተቃጠለው ክፍል እንግዳ መቀበሉን ቀጥሏል። የተመዝጋቢ ገንዘብ ይዞ ለሚሠራ ድርጅት የሚበጀውም ይኸው ነበር፤ ምድር ቤቱንና አንደኛውን ፎቅ አጽድቶ ማከራየት፣ ከኪራዩ በሚገኘው ገንዘብ ጣሪያውን ማልበስና የእንጨት ጫፎቹን መለወጥ፣ ተጨማሪዎቹን ፎቆች ደግሞ ፈቃዱና ጥናቱ ሲያልቅ ማሰብ። ልብስ ሰፊውና የሰዓት ጠጋኙ ዛሬ መንገዱን ተሻግረው በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ተጋፍተው ይሠራሉ፤ ከበረንዳው ሥር ሳይነሡ ቢቆዩ ኖሮ ድርጅቱ በየወሩ ኪራይ ይሰበስብ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ለመመዝገብ የቆረጠ ሰው ካለ፣ ሥዕሉን ከማየቱ በፊት ቁጥርና ቀን ያለበትን የግንባታ ፈቃድ ይጠይቅ፤ የሚሰጡት የፕላን ስምምነት ከሆነ ደግሞ የጸናበትን ጊዜ ያንብብ፣ የራሱ የጊዜ ገደብ አለውና። ድርጅቱ ሕንፃውን የያዘበት ውል ስንት ዓመት እንደቀረው፣ ለሌላ ሰው ማከራየትንም ይፈቅድ እንደሆነ ሰነዱን አይቶ ያረጋግጥ፤ የእሱ ኪራይ ከዚያ ውል ሊረዝም አይችልም። ክፍያውን በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ ጣሪያው ሲለብስ፣ ወለሉ ሲታደስ፣ ቆጣሪ ሲገባ እያለ በሥራው ደረጃ እንዲከፋፈል ይጠይቅ፤ እምቢ ካሉት መልሱን አግኝቷል። ገንዘቡ የሚመለስበትን ቀን ያላስቀመጠ ውል ላይ ግን በምንም ዓይነት አይፈርም። የቀድሞ ቢሮውንም አዲሱን ክፍል በቁልፍ እስኪረከብ ድረስ አይልቀቅ።

እኔ አሁንም ከፒያሳ አልወጣሁም፣ ሕንፃውንም ተስፋ አልቆረጥኩበትም። ቀሪው ገንዘቤ ሲመለስልኝ ይህን ጽሑፍ አስተካክላለሁ። በአንደኛው ፎቅ በመንገዱ በኩል ያሉት ደረቅ ክፍሎች እንዳሉ ታጥበው፣ ያለ ሊፍትና ያለ ቅድመ ክፍያ፣ በየወሩ በሚከፈል ኪራይ ቢቀርቡ ነገ መዝገቦቼን ይዤ እገባለሁ፤ ለሁለተኛው ፎቅ ግን ጣሪያው ለብሶ አንድ ክረምት ሳያሳልፍ አልፈርምም።